ዘጠኝ መቶኛው ክዳን

አናቂዋ በግራ እጇ ሁለት ጣት ባይጎድላት ኖሮ ሴትየዋ አትተርፍም ነበር።

አንገቷን አንቃ ከግድግዳው ጋር አጣብቃታለች። ቀኝ እጇ ጉሮሮዋ ላይ፣ ግራው ማጅራቷ ላይ። የታነቀችው ሴት አትታገልም፤ ሁለት እጇን ወደ ታች ለቃ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ቆማለች። ግድግዳውን ተከትለው በተደረደሩት ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች መጀመሪያ የተቃቀፉ ነበር የመሰላቸው። ለቅሶ ቤት ውስጥ አቃፊና አናቂ ቶሎ አይለይም። የነቁት ስኒ ወድቆ ሲሰበር ነው።

«ኧረ ገደለቻት! ያዟት!»

«እማዬ! ልቀቂያት እማዬ!» ሴት ልጇ ናት፣ ነርሷ። ሌሎቹ ወገቧን ሲጎትቱ እሷ በቀጥታ ወደ ግራው እጅ ሄደች። እዚያ ጠቋሚውና የመሃል ጣቱ ከሥራቸው የሉም። በክፍተቱ አውራ ጣቷን ሰክታ ፈልቅቃ አላቀቀችው።

ሴትየዋ በግድግዳው ላይ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሳለች፣ ምራቋን ዋጠች፣ እንደገና ሳለች። የገዳዩ ሚስት ናት። ባሏ እስር ቤት፣ ልጇ ሆስፒታል ተኝታ፣ እሷ በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ማንም ሳይጠራት ብቻዋን በበሩ ገባች።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለቻት እናትየዋ፣ አራት ሰው ይዟት እየተወራጨች። «ደሙ ደርቆ እንደሆነ ልታዪ ነው? ባልሽ ሦስት ጊዜ ነው የመታው። አንዱ አይበቃም ነበር? ልጄ የዛገ ብሎን ነው ሦስቴ የሚመታው?»

«ላለቅስልሽ ነው የመጣሁት» አለች ሴትየዋ። ድምጿ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ነበር። «ልጅ ሞቶብሻል፤ አለቅስልሻለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ማንም አልነገረሽም መሰለኝ። የኔ ልጅ እጇን ያጣችው ያንቺን ዘጠኝ መቶ ስትሞክር ነው።»

ተነሳች። ቀሚሷን አራግፋ፣ ለተቀመጡት ሁሉ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ወጣች።

ሰፈሩ እናትየዋን የሚጠራት «ዘጠኝ መቶ» እያለ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በጣሳ ፋብሪካ ክዳን ቆርጣለች። የምትሠራበትን ማሽን ሴቶቹ መንጋጋው ይሉታል፤ ቆርቆሮ ሲያጎርሱት ከላይ ወርዶ ይነክስና ክብ ክዳን ይተፋል። በሰዓት ስድስት መቶ የቆረጠች ጎበዝ ትባላለች። እሷ አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ዘጠኝ መቶ ቆረጠች። አለቃው በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈው፤ ለዓመታት ማንም አልደፈረም፣ ማንም አላጠፋውም። ከዚያ ወዲያ አባቷ ያወጣላት ስም ለመታወቂያ ብቻ ሆነ። ፊደል አልቆጠረችም። ቁጥር ግን አላት፤ ፊደል ከቆጠሩት ስንቶቹ ቁጥር አላቸው?

«ምን ማለቷ ነው?» አለች ዘጠኝ መቶ።

አንዷ ስኒዋን ገልበጥ አድርጋ አየች፣ ሌላዋ የጫማዋን ማሰሪያ።

«ጠየቅኩ እኮ! አፋችሁን ቡና ዘጋው?»

ሁለት ሴቶች ተያዩ። ሁሉም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ጠጥተው፣ አልቅሰው፣ እየተንሾካሾኩ ያውቁ ነበር።

«ውጡ» አለች። «ሁላችሁም ውጡ። ነገ ታለቅሳላችሁ።»

ወጡ። ሁለት ቀሩ፤ ነርሷ፣ ልጇ ስለሆነች፤ ሽቦም፣ ከቤት ውጪ ብትባል የማትሰማ ስለሆነች። ሽቦ ከዘጠኝ መቶ ጎን ባለው መንጋጋ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራች፣ ስሟን ከቅጥነቷ ያገኘች አሮጊት ናት። ጥግ ላይ ተቀምጣ የተሰበረውን ስኒ በእግሯ ትሰበስባለች።

«ቦርሳውን አምጪ» አለች ዘጠኝ መቶ ለልጇ።

ፖሊስ የመለሰው የሟቹ ልጇ ቦርሳ አልጋ ሥር ነበር። ልጁን ሰፈሩ ዶክተሩ ይለው ነበር። በሽተኛ የማያክም ዶክተር። በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ያጠናል። ጎረቤት ያሉ ሽማግሌ አንዴ ጉልበታቸውን ገልጠው ቢመጡበት፣ «አባቴ፣ እኔ የማየው ድርጅት ሲያነክስ ነው» ብሎ መለሳቸው። ሽማግሌው እስከ ዛሬ ያኮርፋሉ።

ነርሷ ከቦርሳው የተጣበቁ ወረቀቶች አወጣች። ጥጋቸው ጠቁሯል፤ ደም ሲደርቅ እንደዚያ ነው። ከወረቀቶቹ ጋር አንድ የሩጫ ሰዓት ወጣ፣ ሲጫኑት የሚነሳ፣ ሲጫኑት የሚቆም። መስተዋቱ ተሰንጥቋል።

«አንብቢው።»

«እማዬ፣ ዛሬ ይቅር።»

«አንብቢው አልኩሽ! እሱ ጽፎት ነው የሞተው፣ አንቺ ማንበብ ይከብድሻል?»

ነርሷ አነበበች። ርዕሱ «ሠራተኛው የሚደብቀው አቅም» ይላል። ቋንቋው እንደ ደረቀ ዳቦ ነበር፤ ነርሷ እየቆረሰች አጎረሰቻት። ሠራተኞች ሲታዩ ሆን ብለው ይዘገያሉ ይላል። አጥኚው ሰዓት ይዞ ከጀርባቸው ቆሞ ሲቆጥር በሰዓት ስድስት መቶ ክዳን ብቻ አገኘ ይላል። ቀጥሎ፦ «ይሁን እንጂ መረጃ ሰጪ ቁጥር አንድ፣ ሴት፣ የቀድሞ ሠራተኛ፣ የደህንነት ደንቡን ሙሉ በሙሉ ጠብቃ፣ ሁለት እጇን በሁለቱ አዝራሮች ላይ አድርጋ፣ በሰዓት ዘጠኝ መቶ ማምረቷን አረጋግጣለች። ስለዚህ የተደበቀው አቅም ሦስት መቶ ነው።»

«እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ስሜን ለምን አልጻፈውም?»

«ጥናት ላይ ስም አይጻፍም።»

«ቁጥር አንድ አለኝ?»

«ቁጥር አንድ።»

ሦስት ቀን በለቅሶ ባበጠው ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ አለ። ኩራት እሬሳ ቤትም ይገባል፤ በር አንኳኩቶ አያውቅም።

«ቁጥር ሁለትስ ማናት?»

ነርሷ ገጹን ገለበጠች፣ መለሰች። «ቁጥር ሁለት የለችም፣ እማዬ። አንቺ ብቻ ነሽ።»

ከዚያ ነርሷ ወረቀቱን ትታ በራሷ አፍ ነገረቻት። ጥናቱ ሲታተም የፋብሪካው ባለቤት አነበበው። ዘጠኝ መቶ ግዴታ ሆነ፤ ያልቆረጠች ትባረራለች ተባለ። የዚያች ሴት ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በአራተኛው ወር መንጋጋው ወረደባት። እጇ ሆስፒታል የደረሰው ከእሷ በኋላ ነው፣ በሌላ መኪና፣ በፕላስቲክ ከረጢት። የተቀበለችው ነርሷ ራሷ ናት።

«ከረጢቱ ገና ይሞቅ ነበር» አለች። «ጥፍሯን ቀለም ተቀብታለች። ቀይ።»

የልጅቷ አባት እዚያው ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነው። ያንን መንጋጋ ራሱ ነው ዘይት የሚቀባው። የልጁን ደም ከብረቱ ላይ ያጠበውም እሱ ነው፤ ሌላ ሰው እምቢ ስላለ። በሳምንቱ ትልቁን መፍቻ በጋዜጣ ጠቅልሎ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ዶክተሩን ጠበቀ። ተማሪዎች እያዩ ነው። አንዱ ምት ጆሮ ግንድ፣ አንዱ አናት፣ ሦስተኛው ወድቆ ሳለ። ሲይዙት መፍቻውን ሊያስረክብ ዘርግቶ ነበር አሉ፣ እቃ ቤት እንደሚመልስ ሰው።

ዘጠኝ መቶ የሩጫ ሰዓቱን አንስታ ትመለከት ነበር።

ይህንን ሰዓት በሌላ ቀን፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ አይታዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት ነው። በዕረፍት ቀኑ መጥቶ፣ እንደ ልማዱ የጓዳውን በር በጫማው ጫፍ ጠለዝ አድርጎ ገባ። ልጅ ሆኖ የተማረው ነው። ጣቶቿን የቆረጠው ያ በር ነው ብላ ስለነገረችው፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «እናቴን የነከስሽ!» እያለ ይመታዋል። ዶክተር ሆኖም፣ ክራቫት አስሮም፣ በሩን ሳይመታ አይገባም።

«ሴቶቹ ይዋሹኛል እማዬ» አላት ሾርባውን እየጠጣ። «ሰዓት ይዤ ስቆም ስድስት መቶ። ዞር ስልም ስድስት መቶ።»

«ሰው ከጀርባው ቆመህበት ማን ይሠራል? ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። አንተ በዚያ ክራቫት መንጋጋ ልታስተምራቸው ሄድክ?»

ሳቀ። ከዚያ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ድምፁን አሳመረ፤ የትምህርት ቤት ድምፁን። «አንቺ ዘጠኝ መቶ ቆርጠሻል?»

«ሰፈሩን ጠይቅ።»

«ሁለቱም እጅሽ አዝራሩ ላይ ሆኖ?»

መንጋጋው ሁለት አዝራር አለው፣ ግራና ቀኝ። ሁለቱም ካልተጫኑ አይወርድም፤ የሰው እጅ እንዳይነክስ የተሠራ ነው።

«ሁለቱም» አለች።

ጻፈው። የሌሎቹን ስድስት መቶ ለአሥር ቀን ቆሞ ቆጥሯል። የእናቱን ዘጠኝ መቶ ሾርባ እየጠጣ ተቀበለ። እናቱን ማን ይቆጥራል?

ሽቦ ከጥጉ ተናገረች። «አሁን ንገሪያት።»

«ምኑን?»

«እቴ፣ አታድርቂኝ። ልጅሽ ተቀብሮ፣ የሰው ልጅ እጇ ተቀብሮ፣ አንቺ አሁንም ሰሌዳው ላይ ነሽ። አንቺ ካልነገርሽ እኔ ልንገራት።»

ዘጠኝ መቶ የሩጫ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰች። ሽቦ ለነርሷ ነገረቻት።

ፋብሪካው ሴቶች ሊቀንስ ነበር። አለቃው ሰሌዳውን አስቁሞ፣ «ዘጠኝ መቶ የደረሰች ትቀራለች» አለ፤ እንደማይደረስ እያወቀ ነው፣ ማንንም ላለማስቀረት። የዘጠኝ መቶ ባል ከሞተ ዓመቱ ነው፤ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች አሉ፤ ትንሹ፣ ኋላ ዶክተር የሆነው፣ ሁለት ዓመቱ። ሽቦ ከመጥረጊያ እጀታ ላይ አንዲት ሽብልቅ ቀረጸችላት። ሽብልቁ የግራውን አዝራር ተጭኖ ሲያስቀር፣ ግራው እጅ ነፃ ይወጣል፤ መንጋጋው ሲወርድ ሲነሳ ቆርቆሮ ያጎርሳል። እንደ እብድ ውሻ አፍ ነው። በገባ ቁጥር ይነክሳል፣ አንቺ ከጥርሱ መሃል ታወጪያለሽ። ሌሎቹ ሥራቸውን ትተው ከበቧት። ሽቦ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ስምንት መቶ ዘጠና ሰባት። ስምንት። ዘጠኝ።

«ዘጠኝ መቶኛው ክዳን ከጣቶቿ ጋር ወጣ» አለች ሽቦ። «ክዳኑ ላይ ተጣብቀው። አልጮኸችም እናትሽ። እኔ ነኝ የጮኽኩት። አለቃው ሽብልቁን በእግሩ ማሽኑ ሥር ላከና፣ 'ሽብልቅ ያስገባች ትባረራለች። አንቺ ግን በር ነው የመታሽ፣ አይደለም? በር ከሆነ ሥራሽ ያንቺ ነው' አላት። ከዚያ በጠመኔ ጻፈው። ደሙን የጠረግነው በዚያው መጥረጊያ ነው፣ እጀታውን በቀረጽኩት።» ስባሪውን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ «ለነገሩ ደም የነካው ካልተቆጠረ ስምንት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ናት» አለች። አልሳቀችም።

ነርሷ የእናቷን እጅ አየች። ይህንን እጅ ስታጥብ፣ ስትዳብስ፣ በክረምት ሲያማት ስታሽ ኖራለች። ነርስ ናት፤ በር የቆረጠውና ብረት የቆረጠው እንደሚለያይ ታውቃለች። ሆኖም የእናት እጅ ነው። እሷም እንደ ወንድሟ አልቆጠረችም።

በአራተኛው ቀን ለቀስተኞቹ እንደ ልማዳቸው መጡ። እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ። ዘጠኝ መቶ ከወንበሯ ተነስታ ወደ ጓዳው ሄደች፤ ስኒ ልታመጣ መሰላቸው። መዶሻ ይዛ ተመለሰች። የጓዳውን በር ወገቡ ላይ መታችው።

መታችው። እንጨቱ ጮኸ። ደገመችው፣ ሠለሰችው፣ ስንጥሩ ፊቷ ላይ እየተረጨ። የላይኛው ማጠፊያ ተነቀለ። ዘሞ ሲንጠለጠል በእግሯ ረገጠችው። የስልሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ሲያዩዋት ግን የፈረጠጠ ፈረስ ጉልበት ነበራት። ሁለት ወንዶች ሊይዟት ተነሱ። ሽቦ እጇን ዘርግታ ከለከለች። «ተዉአት። የቆየ ጠብ ነው።»

ከበሩ ግርጌ፣ ልክ በጫማ ጫፍ ከፍታ፣ ቀለሙ ተልጦ የጎደጎደ ቦታ አለ። የሠላሳ ምናምን ዓመት ጥልዘት። ያንን ስትደርስ መዶሻዋ አየር ላይ ቆመ። ያቺን ክፍል አልመታቻትም።

ለቀስተኞቹ «ሐዘን ነው» ተባባሉ። ሐዘንስ ሐዘን ነው። ግን እሷ በዚያን ሰዓት የምታየው ልጅቷ እጇን ካጣች በኋላ፣ ልጇ ከመገደሉ ሁለት ቀን በፊት የሆነውን ነው። ያን ቀን በሩን ሳይመታ ነበር የገባው። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ሳይቀመጥ ጠየቃት።

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አልቆጣም። ሁለቱም እጅሽ አዝራሩ ላይ ነበር?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። መጀመሪያ ሲያመልጣት እንደዚያ ነበር። ይህኛው ግን አላመለጣትም። በልኩ አይታው፣ ጨብጣው ነው የተናገረችው። ሠላሳ ሦስት ዓመት የኖረችበት ስም ነው፤ ያለሱ ማን ናት? ጣት የጎደላት አንዲት አሮጊት።

«ትጠረጥረኛለህ?» አለችና በጥፊ መታችው። ክራቫት ያሰረ፣ ጢም ያበቀለ፣ ዶክተር ልጇን። «እኔ በዚህ እጅ አሳድጌህ! ሁለቱም አልኩህ፣ ሁለቱም ነው!»

ጉንጩን ይዞ አያት። ከዚያ ትከሻው ረገብ አለ፣ እንደ ዳነ ሰው። «ይቅርታ እማዬ» አላት። አምኗት ሄደ።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዲኑ መጣ፤ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ የበላይ። ጫማው ከቤቱ መስተዋት ይልቅ ፊት ያሳያል። አበባ ይዟል፣ ቦርሳ ይዟል። የተሰበረው በር ሳይገርመው ተሻግሮት ገባና አጠገቧ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ልጅዎ የትምህርት ቤታችን መመኪያ ነበር። በዚህ ዓመት አርባ አንድ ጥናት አሳትመናል። ከአርባ አንዱ ባሕር ተሻግሮ የተነበበው የእሱ ነው።»

«አርባውን ማን አነበበው?»

ዲኑ ሳል አለ። ከቦርሳው አንድ ወረቀትና የቀለም ሰሌዳ አወጣ፣ ማኅተም የሚነከርበትን ዓይነት። «አንድ ትንሽ ነገር ነች። ጥናቱን ያሳተመው መጽሔት፣ ይሄ ሁሉ ነገር ከደረሰ በኋላ፣ መረጃ ሰጪ ቁጥር አንድ ቁጥሩን ታረጋግጥልን ብሎ ጠይቋል። እርስዎ ነዎት። እዚህ ጋ አንድ ጣት ብቻ።»

«ጣቴን ካሳረፍኩ?»

«ጥናቱ ይጸናል። የንባብ ክፍላችንን በስሙ እንሰይማለን። በሩ ላይ በነሐስ።»

«ካላሳረፍኩ?»

«ይሰረዛል። በስሙ ላይ 'የተሰረዘ' የሚል ይታተምበታል፣ በየቦታው። የሠራው ሌላ ትልቅ ሥራ የለውም፣ እማማ። በምድር ላይ የቀረው ስም ይቺ ናት።»

«ፋብሪካውስ?»

«ፋብሪካው ዘጠኝ መቶን የያዘው በጥናቱ ነው፤ ሌሎቹ ሁለት ፋብሪካዎችም በሚመጣው ወር ሊጀምሩት ነው። ጥናቱ ከወደቀ የሥራ ተቆጣጣሪ ቢሮው ወደ ስድስት መቶ ያስመልሳቸዋል።»

ነርሷ ከእናቷ ጀርባ ተንበርክካ ትከሻዋን ያዘች። በጆሮዋ ነው የተናገረችው፣ ግን ሁሉም ሰማ። «እማዬ፣ እለምንሻለሁ። እኔ ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ፣ ቢሮውን እኔ አነጋግራለሁ። ስሙን ተይለት። ሁለቴ አይሙት።»

ዲኑ ይቺን ድጋፍ ሲያገኝ ተበረታታ። «የመጨረሻ ቃሉ ስለ እርስዎ መሆኑን ያውቃሉ? ደረጃው ላይ ከኋላው ነበርኩ። ያ ሰው፣ 'ይሄን ያህል የሚሠራ ሰው አለ?' ብሎ ጠየቀው። ብረት ይዟል እኮ። ልጅዎ ግን አልፈራም። 'እናቴ ሠርታዋለች' አለው። ይህንኑ ነው ያለው።»

ዘጠኝ መቶ ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍተው ደረቅ ነበር።

«ከኋላው ነበርክ?»

«አዎን።»

«ከኋላው ሆነህ ምን ሠራህ?»

ዲኑ የወረቀቱን ጥግ አቃና።

«አይዞህ። አንተ ዝም አልክ፣ እኔ ተናገርኩ። የገደለው የኔው ነው» አለች። ግራ እጇን ከሹራቧ ኪስ አወጣች። ያ እጅ ሰው ፊት ኪስ ውስጥ ነበር የሚኖረው። በቀለም ሰሌዳው ላይ ጥላ ጫነችው፤ አውራ ጣት አይደለም፣ ሙሉውን መዳፍ፤ እስኪጠቁር አሸችው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ እንደ ጥፊ አሳረፈችው። ጠረጴዛው ዘለለ።

መዳፍ ወጣ። አውራ ጣት ወጣ። ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ወጡ። በመሃል ነጭ ክፍተት ቀረ።

«አሁን ጻፍ» አለችው። «ሁለቱም እጄ አዝራሩ ላይ አልነበረም በል። ቀኙ ነበር። የግራው አዝራር ላይ የመጥረጊያ ሽብልቅ ነበር። የግራ እጄ እዚህ ነበር» ብላ ነጩን ክፍተት ነካች። «ዋሽቼዋለሁ በል። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሁለት ጊዜ ዋሸሁት በል። እሱ አልዋሸም፤ እናቱን ነው ያመነው። ይሄንንም ጻፍ፣ አንድ ቃል ብትተው በሕይወትህ አልለቅህም።»

ዲኑ እስክሪብቶውን ይዞ ተነሳ። «እማማ፣ ልጅዎን በገዛ እጅዎ እየገደሉት ነው!»

ጥፊው ከመቼው እንደ ደረሰ ማንም አላየም። መነጽሩ ከወንበሩ ሥር ገባ። ጉንጩ ላይ መዳፏ ከነክፍተቱ በጥቁር ቀለም ታተመ፣ ከወረቀቱ ይልቅ አምሮ።

«በገዛ እጄ ነው» አለች። «ሌላ እጅ እንዳይጨመርበት ነው። ቁጭ በልና ጻፍ።»

ቁጭ ብሎ ጻፈ። ነርሷ ዕንባዋ እየወረደ ቃል በቃል መልሳ አነበበችው፤ እናቷ በእያንዳንዱ ቃል ራሷን ትነቀንቅ ነበር። አንድም አልጎደለም።

ዲኑ ጉንጩን በመሐረብ ሸፍኖ ሲወጣ፣ ዘጠኝ መቶ ጫማዋን ፈለገች።

«ደግሞ የት ነው?» አለች ነርሷ።

«ፋብሪካ። ፈረቃ የሚቀየረው በስምንት ሰዓት ነው። ቢሮው እስኪያስመልሳቸው፣ ወረቀቱ ባሕር ተሻግሮ እስኪመለስ፣ ስንት እጅ ይሄዳል? በር ላይ ቆሜ አሳያቸዋለሁ።»

«ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም፤ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው አምስት ቀን ሲል ሰነበተ፤ ይጨምርበት። የዚያች ሴት ባል፣ እሱን አልምረውም። እስከ መቃብሬ አልምረውም። እጁ ይቆረጥ ብዬ ግን አልራገምም። እጅ በቃኝ።»

ሽቦም ተነሳች። «ሽብልቁን የቀረጽኩት እኔ ነኝ» አለች ለማንም ሳይሆን። ሹራቧን ለበሰች።

ፋብሪካው ከአውራ ጎዳናው ማዶ ነው። ልጇ በልጅነቱ የተማረበት ትምህርት ቤትም በዚያው በኩል ነበር። ጠዋት ጠዋት ልጇን አድርሳ ነበር ወደ መንጋጋው የምትገባው። ቀኝ እጇን ብትሰጠው እምቢ ይላል፤ ግራውን ነው የሚፈልገው። ትንሿ ጭብጡ በሁለቱ ጣቶች ክፍተት ልክ ትገባለች፣ ለሷ ተለክቶ እንደ ተሠራ። «እዚህ ጋ ቤቴ ነው» ይላት ነበር።

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ደረሱ። የጭነት መኪና አቧራ እያስነሳ ይመጣል፣ ከኋላው አውቶቡስ። ማዶ፣ የፋብሪካው በር ላይ፣ ሴቶች ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ደወሉን ይጠብቃሉ።

ዘጠኝ መቶ ቆመች። ግራ እጇ እስካሁን ጥቁር ነው፤ አልታጠበችውም፣ ኪሷም አልከተተችውም። ዓይኗን ከመኪኖቹ ሳታነሳ፣ ዝቅ አድርጋ፣ ወደ ኋላ ትንሽ ዘርግታ ክፍት አድርጋ ያዘችው።

የጭነት መኪናው አለፈ። አውቶቡሱ አለፈ። መንገዱ ባዶ ሆነ። ሽቦ ሁለት እርምጃ ገብታ ዞር አለችና አየቻት፤ «ነይ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ዘጋችው። ጠበቀቻት።